ሽፋን በዋት አይገዛም



የዛሬው ርእሳችን አንድ ሆስፒታል በራሱ ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚተክለው የፔጀር ማሰራጫ ነው። ተረኛው ሐኪም ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሁን ምድር ቤት፣ ምግብ አዳራሽ ይሁን ደረጃ ላይ፣ ጥሪው እንዲደርሰው ማሰራጫው እንዴት ይተከል? ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ኃይለኛ ማሰራጫ ግዙ» የሚል ነው። ይህ መልስ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ችግሩን አይፈታም። ሽፋን በዋት አይገዛም። የሚገኘው ከአንቴናው ቦታ፣ ኃይሉን ወደ አንቴናው ከሚያደርሰው ኬብል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕንፃውን ክፍል በክፍል እየዞረ ከሚፈትሽ ሰው ትጋት ነው።

ነገሩን የሚያከብደው የፔጀር ባሕርይ ነው። የእጅ ስልክ ከጣቢያው ጋር ሁልጊዜ ይነጋገራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ባለቤቱ ያየዋል፣ የሚደውለውም ሰው መስመሩ እንዳልተገኘ ይነገረዋል። ተራው ፔጀር ግን ይሰማል እንጂ አይመልስም። ማሰራጫው እንደ ድሮ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ነጋሪቱን ጎስሞ ቃሉን ያሰማል፣ ማን እንደሰማና ማን እንዳልሰማ ግን አያውቅም። ጥሪው ያልደረሰው ሐኪም መጠራቱን አያውቅም። የጠራችው ነርስም ሐኪሙ እየመጣ ይመስላታል። በዚህ መካከል የሚባክነው ደቂቃ የታማሚው ደቂቃ ነው። ሽፋን የሌለበት ቦታ «እዚህ ነኝ» ብሎ ራሱን ስለማያሳውቅ፣ ቀድሞ ፈልጎ ማግኘት የተካዩ ግዴታ ነው። የምናገረው ሁሉ ከዚህ ግዴታ የሚነሣ ነው።

በቅድሚያ «ፔጀር ዛሬም አለ ወይ?» ለምትሉ ባጭሩ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አል ግሮስ የተባለው ፈልሳፊ ፔጀርን በ1949 ሠራ፤ በ1950 በኒውዮርክ የአይሁድ ሆስፒታል ሥራ ላይ ዋለ። በ1956 ደግሞ በማዳመጫ መሣሪያ ሥራው ይታወቅ የነበረው መልቲቶን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ፣ በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የግቢ የጥሪ ሥርዓት ተከለ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ከመነሻው የሆስፒታል ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም የሚፈለገው በድምፅ ማጉያ፣ በመብራት ምልክትና በተላላኪ ነበር።

ዘመኑ ግን ተለውጧል። በጃፓን የመጨረሻው የፔጀር አገልግሎት በ2019 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማት ሃንኮክ የሀገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከፔጀር እንዲወጡ አዘዙ። ያን ጊዜ በእነዚህ ሆስፒታሎች እጅ 130,000 ያህል ፔጀር ነበር፤ ወጪውም በዓመት 6.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይገመት ነበር። ከትእዛዙ ውስጥ ልብ ልትሉት የሚገባው ግን አንድ ነገር አለ፦ ሌላው መገናኛ ሲቋረጥ ለድንገተኛ ጥሪ የሚያገለግሉ ፔጀሮች እንዲቀሩ ተፈቅዷል። ሚኒስትሩ የሻሩት ፔጀር ለተራ ወሬና ለቀጠሮ ማስተላለፊያ መሆኑን ነው። ልብ ቆመ፣ ደም ፈሰሰ ለሚባልበት ሰዓት ግን አስቀሩት።

«ከቴሌኮም ድርጅት አገልግሎቱን ብንገዛ አይሻልም?» ለሚለውም ታሪክ መልስ አለው። ሜይ 19 ቀን 1998 ጋላክሲ 4 የተባለው ሳተላይት ተበላሸ። በአሜሪካ ከነበሩት ፔጀሮች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እንደተቋረጡ በወቅቱ ተዘግቧል። በመላ ሀገሪቱ ያሉ ሐኪሞች በአንድ ጊዜ ጥሪ አጡ። የራሱ ማሰራጫ በራሱ ጣሪያ ላይ የነበረው ሆስፒታል ግን ከሰማይ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። የግቢ ማሰራጫ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የስልክ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከሕንፃው የሚወጣ ምንም ነገር ሳያስፈልገው ይሠራል። በእኛ ሀገር ተረኛ ሐኪም በእጅ ስልክ ሲጠራ የምናውቅ ሁሉ፣ ስልኩ ያልሠራበትን ሰዓትም እናውቃለን።

በሴፕቴምበር 2024 በሊባኖስ ፔጀሮች ፈንድተው ሰዎች ከሞቱና ከቆሰሉ ወዲህ የፔጀርን ስም በፍርሃት የሚሰማ ብዙ ነው። እዚያ ፈንጂው አስቀድሞ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ተደብቆ ገብቷል፤ የሬዲዮ ጥሪ በራሱ ፔጀርን አያፈነዳም። ከዚያ የምንወስደው ትምህርት የግዥ ነው፦ ዕቃው ከየት ተነሥቶ በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ማወቅ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው እርምጃ ፈቃድ ነው። የሬዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሀብት በመሆኑ፣ በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚያስተዳድረው። ፈቃዱን ከሁሉ ማስቀደም የሚገባው ለሕግ ሲባል ብቻ አይደለም። የአንቴናው ርዝመት የሚቆረጠው፣ ፔጀሮቹም የሚታዘዙት በተፈቀደው ፍሪኩዌንሲ ነው። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ከተሰጣችሁ ሁሉም እንደገና ይጀመራል።

ቀጥሎ መልእክቱ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ደንብ ፖክሳግ ይባላል፤ በብሪታንያ ፖስታ ቤት አስተባባሪነት ተዘጋጅቶ በ1982 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። በፖክሳግ ማሰራጫው መጀመሪያ ቢያንስ 576 ቢት ርዝመት ያለው የማንቂያ ምልክት ይልካል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መረጃ በስምንት ፍሬሞች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ፔጀር አድራሻው የሚላክበትን ፍሬም ያውቃል፤ በቀሩት ሰባቱ ተቀባዩን አጥፍቶ ያርፋል። አንድ ትንሽ ባትሪ ለሳምንታት የሚያገለግለው በዚህ ብልሃት ነው። በእያንዳንዱ 32 ቢት ቃል ውስጥም ስሕተት ማረሚያ ቢቶች ስላሉ፣ ሁለት ቢት ቢበላሽ ፔጀሩ ራሱ ማቃናት ይችላል።

ከዚህ ለተካዩ የሚጠቅም ምርጫ ይወጣል። ፖክሳግ በሰከንድ 512፣ 1200 ወይም 2400 ቢት ሊልክ ይችላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ እያንዳንዱ ቢት ረዘም ይላል፤ በ512 የአንዱ ቢት ርዝመት ሁለት ሚሊሰከንድ ያህል ነው፣ በ1200 ግን ከአንድ ሚሊሰከንድ ያንሳል። ረጅሙን ቢት ደካማ ምልክት ላይ ያለ ተቀባይ በቀላሉ ይለየዋል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ አንድም ብር ሳያስወጣ ሽፋን ይጨምራል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ 40 ፊደል ያህል የያዘ መልእክት በ1200 ከአንድ ሰከንድ ተኩል በታች ሲወስድ በ512 ሦስት ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በሚሊዮን ደንበኛ ለሚጨናነቅ የከተማ ኔትወርክ ይህ ኪሳራ ነው። በሰዓት ጥቂት አሥር ጥሪ ለሚያስተላልፍ ሆስፒታል ግን ምንም አይደለም። ፔጀሮቹ ከፈቀዱ 512ን ምረጡ።

ለእኛ የተለየ አንድ ጉዳይም እዚህ ላይ አለ። ፖክሳግ ፊደል የሚልከው በ7 ቢት ስለሆነ ከ128 በላይ ምልክት አይይዝም። ከ200 በላይ የሆነው የግእዝ ፊደላችን በመደበኛ ፔጀር ላይ አይወጣም። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል መጻፍ ደግሞ በጭንቅ ሰዓት ለንባብ ያስቸግራል። እኔ የምመክረው የቁጥር መልእክት ነው፦ የመጀመሪያው አሐዝ የጥሪውን ዓይነት፣ የቀሩት ፎቁንና ክፍሉን ይንገሩ። ቁጥር ከፊደል ያነሰ ቢት ስለሚወስድ መልእክቱ አጭር ይሆናል፤ አጭር መልእክት ደግሞ በአየር ላይ የመበላሸት ዕድሉ ያነሰ ነው። በተጨማሪም የፔጀር መልእክት በተለምዶ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው፤ ርካሽ የሬዲዮ መቀበያ ያለው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የታማሚ ስምና የምርመራ ውጤት በፔጀር አይላክም። የቁጥር ጥሪ የታማሚውንም ምስጢር ይጠብቃል።

እንግዲህ ሕንፃው ውስጥ እንግባ። በብሪታንያ ብዙ ሆስፒታሎች ለግቢ ጥሪ ሲጠቀሙ የኖሩት 459 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ስለሆነ እርሱን ምሳሌ ላድርገው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 65 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በመስኮትና በበር ክፍተት ይገባል፣ በኮሪደር ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይሄዳል፤ ለሆስፒታል የሚመች ባሕርይ ነው። ነገር ግን እየነጠረ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ ከመጣው ጋር ሲገናኝ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይጠፋፋል። ምልክቱ የጠፋበት ነጥብና የበረታበት ነጥብ በጥቂት አሥር ሴንቲሜትር ብቻ ሊራራቁ ይችላሉ። ቴክኒሻኑ በአንድ ነጥብ ቆሞ «ይሠራል» ቢል፣ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ላይሠራ ይችላል። ፍተሻ እየተራመዱ የሚደረገው ለዚህ ነው።

የሰው ገላም ሞገዱን ይጋርዳል። ፔጀር ቀበቶ ላይ ነው የሚታሰረው፤ ሐኪሙ ለማሰራጫው ጀርባውን ሲሰጥና ፊቱን ወደ እርሱ ሲያዞር የሚደርሰው ምልክት አንድ አይደለም። ፔጀሩን በእጁ ወደ ላይ አንሥቶ የሚፈትሽ ሰው የሚለካው ማንም ሐኪም የማይጠቀምበትን ሽፋን ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ግድግዳዎቹን እንያቸው። የጡብ ክፍልፋይ ጥቂት ይቀንሳል፤ በብረት የታሰረ ኮንክሪት ብዙ ይቀንሳል። የአሳንሰር ጉድጓድ በኮንክሪትና በብረት የተከበበ ነው። ምድር ቤቱን ከላዩ ያሉት ወለሎች ሁሉ ይጫኑታል፤ ፋርማሲ መጋዘን፣ ልብስ ማጠቢያና አስከሬን ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛሉ። የኤክስሬይ ክፍል ግድግዳ እርሳስ ይለብሳል፤ እርሳሱ ጨረሩ እንዳይወጣ የተደረገ ቢሆንም የሬዲዮ ሞገድም እንዳይገባ ያደርጋል። ፀሐይ ለመከላከል በስስ ብረት የተቀባው የአዳዲስ ሕንፃዎች መስታወትም ሞገድ ይመልሳል። የኤምአርአይ ክፍል ግን የተለየ ነው። በመዳብ ወይም በሌላ ብረት ዙሪያውን የታሸገው የውጭ ሬዲዮ ምስሉን እንዳያበላሽ ሆን ተብሎ ነው። እዚያ ውስጥ ሽፋን ለማስገባት መታገል አይገባም፤ ማግኔቱ ባለበት ፔጀር ይዞ መግባትም ክልክል ነው። የኤምአርአይ ክፍል መፍትሔው በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለ የሽቦ ስልክ ነው፣ ይህም በጥሪ ደንቡ ላይ በጽሑፍ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ዋቱ ልመለስ። ሕንፃ በበዛበት ቦታ የሬዲዮ ምልክት በርቀቱ አራተኛ ርቢ ልክ ይዳከማል ብለን ብናሰላ፣ የማሰራጫውን ኃይል እጥፍ ማድረግ ርቀቱን የሚጨምረው በአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ኃይሉን አሥር እጥፍ ብታደርጉት እንኳ ርቀቱ ሁለት እጥፍ አይሞላም። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን በብር ብቻ አይለካም። ከ5 ዋት ማሰራጫ ቀላል አንቴና 5 ሜትር ርቆ ያለ ዕቃ፣ በነፃ ሜዳ በተሰላ ስሌት፣ 3 ቮልት በሜትር የሚሆን መስክ ያርፍበታል። ይህ በቀድሞው የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ፣ ሕይወት የማያቆዩ መሣሪያዎች ሳይታወኩ ሊቋቋሙት ይገባል የተባለው መጠን ነው። ኃይሉን ወደ 25 ዋት ስታሳድጉ ይኸው መስክ ወደ 12 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከጣሪያው በታች ባለው ፎቅ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ካለ ነገሩ የደኅንነት ጥያቄ ይሆናል። በሆስፒታል ውስጥ ትክክለኛው ኃይል ሥራውን የሚሠራ ትንሹ ኃይል ነው።

ዋት ካልሆነ ታዲያ ምን? በመጀመሪያ አንቴና። ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው አንቴናውን መሣሪያው በተቀመጠበት ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በስልክ ማዞሪያው ቤት ጥግ ላይ፣ መስቀል ነው። ለተካዩ ቅርብ ነው፣ ከሚጠሩት ሰዎች ግን ሩቅ። አንቴና የሚሻለው ለግቢው መካከል በቀረበ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከውሃ ታንከር፣ ከቆርቆሮ ጠርዝ፣ ከሌሎች አንቴናዎችና ከመብረቅ ዘንግ ራቅ ብሎ። አጠገቡ ያለ ብረት ሞገዱን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፣ በሌላው ወገን ጥላ ይጥላል።

ሁለተኛው ስሕተት «ባለ ከፍተኛ ጌይን» አንቴና መግዛት ነው። አንቴና ኃይል አይፈጥርም። ጌይኑ ከፍ ያለ ረጅም አንቴና ከላይና ከታች የነበረውን ኃይል ሰብስቦ ወደ አድማስ ይልካል። አሥር ኪሎሜትር ርቆ ላለ ተቀባይ ይህ ድንቅ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ግን አድማስ ላይ አይደሉም፤ ከአንቴናው ሥር ባሉት ፎቆች ናቸው። ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተተከለ ባለ ከፍተኛ ጌይን አንቴና ማዶ ሰፈር ያለውን ቡና ቤት ሸፍኖ ከሥሩ ያለውን ማዋለጃ ክፍል ሊተው ይችላል። ለግቢ ሥራ ቀላሉና አጭሩ አንቴና፣ ሞገዱን ወደ ታችም የሚያደርሰው፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ቀጥሎ ኬብል። ይህ ክፍል ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚቀልጥበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አርጂ-58 የተባለው ቀጭን ኬብል በየገበያው ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይታጠፋል። በ450 ሜጋኸርዝ አካባቢ 30 ሜትር አርጂ-58 ከ10 ዴሲቤል በላይ ይበላል፤ ማለትም ከ5 ዋት ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም። በዚያው ርዝመት ኤልኤምአር-400ን የመሰለ ወፍራም ኬብል ከ3 ዴሲቤል በታች ስለሚበላ ከግማሽ በላይ የሆነው ኃይል ይደርሳል። አምስት እጥፍ ያህል ልዩነት ነው፤ በኬብል ዋጋ የተገኘ። ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፦ ማሰራጫውን ራሱን ወደ ጣሪያው ሥር አቅርቡት። ከስልክ ማዞሪያው ወደ ማሰራጫው የሚሄደውን መረጃ ተራ የመረጃ ሽቦ ያደርሰዋል፤ የሬዲዮ ኬብሉ ጥቂት ሜትር ብቻ ይሆናል።

ኬብል መጥፎነቱን የሚደብቅበት መንገድም አለ። ቴክኒሻን ወደ አንቴናው የሚሄደውንና ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል በሜትር ይለካል፤ ተመላሹ ትንሽ ከሆነ አንቴናው ጤነኛ ነው ይላል። ነገር ግን 10 ዴሲቤል በሚበላ ኬብል ጫፍ አንቴናው ተሰብሮ ቢወድቅ እንኳ፣ ወደ ላይ ከተላከው 5 ዋት ጫፉ ጋ የሚደርሰው ግማሽ ዋት ነው፤ እርሱ ሁሉ ተመልሶ ሲወርድ እንደገና ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ ብሎ 0.05 ዋት ይሆናል። ማሰራጫው ጋ የተቀመጠው ሜትር «መልካም ነው» ይላል፤ አንቴናው ግን የለም። ስለዚህ መለኪያው ከላይም፣ በአንቴናው ጫፍ፣ መደረግ አለበት። ኮኔክተሩም ውሃ በማያስገባ ቴፕ በጥንቃቄ ይጠቅለል። የክረምት ዝናብ ኬብል ውስጥ አንዴ ከገባ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ማንም ሳያስተውል።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ብረት ሁሉ መብረቅን ያስባል። ኬብሉ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ ይግባ፤ እርሱም ሕንፃው ከሚጠቀምበት የመሬት መስመር ጋር በአጭርና ወፍራም ሽቦ ይያያዝ። የኃይል አቅርቦቱ ከጄኔሬተሩ መስመር ይሁን፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣም ባትሪ ይያዘው። ማሰራጫው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ የሚጠብቅ መሣሪያ ስለሆነ መጠነኛ ባትሪ ለሰዓታት ይበቃዋል። ባትሪው ግን ማሰራጫውን ብቻ ሳይሆን ጥሪውን የሚቀበለውን መሣሪያና የስልክ ማዞሪያውንም መያዝ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ጠፍተዋል።

ግቢው ሰፊ ከሆነ ወይም ምድር ቤቱ እምቢ ካለ ሁለተኛ ማሰራጫ ይመጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ማሰራጫዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ፣ የሁለቱም ሞገድ እኩል በሚደርስበት ቦታ ይጋጫሉ፤ ቀድሞ ደህና የነበረው ክፍል ሁለተኛው ሲጨመር ሊጠፋ ይችላል። በአንድ ጊዜ እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ፍሪኩዌንሲያቸውንና የመልእክቱን ሰዓት በጥብቅ ማስተካከል ይጠይቃል። ለሆስፒታል ቀላሉ መንገድ ተራ በተራ መናገር ነው፦ አንደኛው ይጨርሳል፣ ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል። ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል፤ በመደራረቢያው ቦታ ያለ ሐኪም ግን ጥሪውን ሁለት ጊዜ የማግኘት ዕድል አለው። ለረጅም የምድር ቤት መተላለፊያ ደግሞ በማዕድን ጉድጓድና በባቡር ዋሻ የሚሠራበት፣ በርዝመቱ ሁሉ ሞገድ የሚያወጣ ልዩ ኬብል አለ።

አሁን የንግግሬ ልብ ወደሆነው እደርሳለሁ፤ የእግር ፍተሻ። ማሰራጫው በየግማሽ ደቂቃው ተከታታይ ቁጥር እንዲልክ አድርጉት፦ 1፣ 2፣ 3 እያለ። ፈታሹ ፔጀሩን እንደ ሐኪም ቀበቶው ላይ ያሥራል፣ የወለል ፕላን በእጁ ይይዛል፣ እየተራመደ የደረሰውን ቁጥር በደረሰበት ቦታ ላይ ይጽፋል። ከ41 ቀጥሎ 43 ከመጣ 42 የት እንደጠፋ ፕላኑ ራሱ ያሳየዋል። መልስ የማይሰጠውን መሣሪያ ያመለጠውን እንዲናገር የምናደርገው በዚህ መንገድ ነው። በሮች ተዘግተው ይፈተሽ፤ መጸዳጃ ቤት፣ ደረጃ፣ አሳንሰር፣ መጋዘን፣ የተረኞች መኝታ ቤት ሁሉ ይታይ። ሐኪም ሊገኝ የሚችልበት ቦታ ሁሉ በፕላኑ ላይ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ከተሳካ በኋላ አንድ ከባድ ፈተና ይቀራል። ኃይሉን የሚችል፣ ምልክቱን የሚያዳክም ባለ 10 ዴሲቤል አቴኑዌተር በማሰራጫውና በኬብሉ መካከል ታስገባላችሁ። አሁን የሚወጣው ኃይል አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። በዚህ ኃይል ሕንፃውን እንደገና ትዞራላችሁ። ጥሪው አሁንም በየቦታው ከደረሰ፣ አቴኑዌተሩ ሲወጣ አሥር እጥፍ መጠባበቂያ አላችሁ ማለት ነው። መጠባበቂያው ለነገ ነው፦ ብረት አልጋ በኮሪደሩ ለሚደረደርበት ቀን፣ የፔጀሩ ባትሪ ለሚደክምበት ሌሊት፣ ኬብሉ ለሚያረጅበት ዓመት። በሙሉ ኃይል ብቻ ተፈትሾ ያለፈ ሥርዓት ግን በርክክቡ ዕለት እንደሠራ ብቻ ነው ያረጋገጠው። በአንድ አሥረኛ ኃይል የወደቁት ክፍሎች ደግሞ ሥራ የሚቀጥልባቸው ናቸው፤ አንቴናው ይዛወር፣ ኬብሉ ይለወጥ፣ አለዚያ ሁለተኛ ማሰራጫ ይታሰብ።

ፍተሻው በርክክብ አያበቃም። በየጠዋቱ በተወሰነ ሰዓት ለሁሉም ፔጀር የሙከራ ጥሪ ይላክ፤ ያልደረሰው ሠራተኛ ፔጀሩን ይዞ ወደ ጥገና ክፍል ይምጣ። ከማሰራጫው ራቅ ባለ ክፍል አንድ መቀበያ በቋሚነት ይቀመጥና የሙከራ ጥሪው ሲቀርበት ደወል ያሰማ። ግድግዳ በተሠራ፣ መስታወት በተለወጠ፣ ጣሪያ ላይ አዲስ አንቴና በተተከለ ቁጥር ያ አካባቢ እንደገና በእግር ይታይ። ለልብ መቆምና ለመሰል ጥሪዎች ደግሞ ማሰራጫው መልእክቱን ራሱ ሁለት ጊዜ እንዲልክ ይዘዝ።

የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለእናንተ የተለየ አደራ አለኝ። የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ «ባለ ይህን ያህል ዋት ማሰራጫ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ጥሪው በእነዚህ ክፍሎች ሁሉ፣ በአንድ አሥረኛ ኃይል፣ ቀበቶ ላይ በታሰረ ፔጀር ይድረስ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ስትጽፉ ተካዩ ትልቅ ሣጥን ለማቅረብ ሳይሆን ሕንፃችሁን ለማወቅ ይገደዳል። በርክክቡ ቀን ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ ቁጥር የተሞላበት የወለል ፕላን፣ በአንቴናው ጫፍ የተለካው የኃይል ውጤት፣ ጥሪ የማይደርስባቸው ክፍሎች ዝርዝር ከነመፍትሔያቸው። ተካዩ «የማይደርስበት ክፍል የለም» ካላችሁ፣ በኤምአርአዩ በር ፊት አቁማችሁ ስለዚያ ክፍል ጠይቁት፤ መልሱ ሕንፃውን መዞሩንና አለመዞሩን ይነግራችኋል።

ቴክኒሻኖች፣ ለእናንተ ደግሞ ይህን እላለሁ። ሥራችሁ ሲሳካ ማንም አያየውም፤ ሐኪሙ ተጠርቶ ደረሰ፣ ታማሚው ተረፈ፣ ምስጋናው ወደ ሐኪሙ ሄደ። ይሁን። እናንተ ግን ያንን ጥሪ ያደረሰው ክረምት ከመግባቱ በፊት የተጠቀለለው ኮኔክተርና እስከ ምድር ቤቱ የመጨረሻ ክፍል የተደረገው ጉዞ መሆኑን እወቁ፣ ለተተኪዎቻችሁም አስተምሩ። ፕላኑንና ልኬቱን ከመሣሪያው ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡላቸው።

ሦስቱን ወረቀት ያላቀረበ ተካይ ማሰራጫ አስረክቧችሁ ይሆናል እንጂ ሽፋን አላስረከባችሁም፤ ሽፋኑን እስኪያስረክብ ድረስ ፊርማችሁን አትስጡት።